አል-ኸዋሪዝሚ እና የአባቴ ኑዛዜ



ውድ አንባቢያን፣ በባሕር ዳር ከተማ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ ያየሁት አንድ በሽታ አለ። ኤክስ እና ዋይ ያሉባቸውን ሁለት ኢኩዌሽኖች፣ ማለትም ሁለት ወገን እኩል መሆኑን የሚናገሩ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች፣ ሰሌዳው ላይ ብጽፍ ተማሪዎቼ አንዱን በሌላው ተክተው፣ ደምረው ቀንሰው መልሱን ያወጡታል። ያንኑ ጥያቄ በቃላት ብነግራቸው ግን እስክሪብቶው ሁሉ ይቆማል። ለምሳሌ አንድ ዓሣ አስጋሪ ቆሮሶና አምባዛ በድምሩ 30 ዓሣ ሸጦ 1,400 ብር ቢያገኝ፣ የአንዱ ቆሮሶ ዋጋ 40 ብር፣ የአንዱ አምባዛ ደግሞ 60 ብር ቢሆን ከየዓይነቱ ስንት ሸጠ ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ቅዳሜ ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ወደ ጣና ዳር ወረድኩ። ከደንገል ታንኳ የሚወርደውን ዓሣ እየተቀበሉ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ እትዬ እያልኩ ነው የምጠራቸው። እርሳስ በእጃቸው ይዘው አያውቁም። ጥያቄውን ጨርሼ አፌን ሳልዘጋ መለሱልኝ። ሁሉም ቆሮሶ ቢሆን ኖሮ የሚገኘው 1,200 ብር ነበር፤ 200 ብር ተርፏል፤ አንድ አምባዛ ከአንድ ቆሮሶ በ20 ብር ይበልጣል፤ ስለዚህ አምባዛው 10፣ ቆሮሶው 20 ነው አሉኝ። እኔ በጠመኔ አምስት መስመር የምፈጅበትን እርሳቸው የዓሣ ቅርፊት እየፋቁ ጨረሱት።

እንግዲህ ተማሪዎቼ የጎደላቸው መደመርና መቀነስ አይደለም። የጎደላቸው ላልታወቀው ነገር ስም ሰጥቶ፣ እንደታወቀ ቆጥሮ የመጀመር ድፍረት ነው። ይህን የምለው በእነሱ ለመፍረድ አይደለም። ይኸው በሽታ አንድ ጊዜ እኔንም ይዞኝ የአንዲት የቲም ልጅ ሐቅ ሲጓደል ዝም ብዬ አይቻለሁና። ወደዚያ እመለሳለሁ። በቅድሚያ ግን የዚህን በሽታ መድኃኒት ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት የጻፈልንን ሰው ሕይወት ላስታውስ። ልጆቻችን በየቀኑ ስሙን እየጠሩ ማንነቱን አያውቁትም።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 አካባቢ እንደሆነ ይገመታል። መጠሪያው እንደሚያመለክተው ዘሩ ከኸዋሪዝም ምድር ነው። ይህም ከአራል ባሕር በስተደቡብ የሚገኝ፣ ዛሬ በኡዝቤኪስታንና በቱርክሜኒስታን መካከል የተከፈለ አገር ነው። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ ታሪክ ጸሐፊዎች አልመዘገቡልንም። የባግዳዱ መጽሐፍ ነጋዴ ኢብን አል-ነዲም በ377 ሂጅራ ባጠናቀረው ዝነኛ የመጻሕፍት ዝርዝር ውስጥ የሰጠው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። በኸሊፋ አል-መእሙን የጥበብ ቤት፣ በዐረብኛው በይት አል-ሒክማ፣ ያገለግል እንደነበርና ሰዎች በከዋክብት ሠንጠረዦቹ ይተማመኑ እንደነበር ይነግረናል። አል-ኸዋሪዝሚን የምናውቀው እንግዲህ በሥራው ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ የሠራባት ባግዳድ ኸሊፋ አል-መንሱር እ.ኤ.አ. በ762 የቆረቆራት ወጣት ከተማ ነበረች። ከግሪክ፣ ከሶርያ፣ ከፋርስና ከሕንድ ቋንቋዎች መጻሕፍት ወደ ዐረብኛ የሚመለሱባት፣ የወረቀት ሥራ የገባባት፣ የሰው ዘር ሁሉ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። ይሁንና ሰላሟ ብዙ አልቆየም። ኸሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ሥልጣኑን ለልጆቹ ለአል-አሚንና ለአል-መእሙን በቅደም ተከተል የሚያወርስበትን ውል በ186 ሂጅራ መካ ላይ አስጽፎ በካዕባ እንዲሰቀል አድርጎ ነበር። አባት ከሞተ በኋላ ግን ውሉ ፈረሰ፤ ወንድምና ወንድም ጦር ተማዘዙ። ባግዳድ ከአንድ ዓመት በላይ ተከብባ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ እ.ኤ.አ. በ813 አል-አሚን ተገደለ፤ አል-መእሙንም ኸሊፋ ሆነ። ልብ በሉ! የውርስ ሒሳብን ለሕዝብ የሚያስተምር መጽሐፍ እንዲጻፍ ያበረታታው ይኸው በወንድማማቾች የውርስ ጦርነት ወደ ሥልጣን የወጣው ሰው ነው።

ስለ አል-መእሙን ስንናገር እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባል። የጥበብ ቤቱን ያደራጀ፣ ሊቃውንትን ያከበረ መሪ ነበር። በሌላ በኩል በዘመኑ መጨረሻ በ218 ሂጅራ ዑለማዎችን በእምነት ጉዳይ የሚመረምረውን ሚሕና የጀመረው፣ ኢማም አሕመድ ኢብን ሐንበልም በሰንሰለት እንዲታሰሩ ምክንያት የሆነው እርሱ ነው። ዕውቀትን መውደድና ሰውን አለማስገደድ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ወደ ሊቃችን እንመለስ። አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፋቸው መጻሕፍት አንዱ የሕንድ ሰዎች የሚቆጥሩባቸውን ዘጠኝ ምልክቶችና ዜሮን ያስተዋወቀው ነው። የዐረብኛው ቅጂ ጠፍቶ የላቲኑ ትርጉም ብቻ ቀርቷል። የዚህን መጽሐፍ ውለታ ለመረዳት አንባቢ እስቲ በግዕዝ ቁጥር ፳፬ን በ፴፮ ለማባዛት ይሞክር። የግዕዝ ቁጥሮቻችን ከግሪክ ፊደላት የተወረሱ ናቸው፤ ለጽሕፈት ያማሩ ናቸው፤ ዜሮና የቦታ ዋጋ ስለሌላቸው ግን ለስሌት አይመቹም። አውሮፓውያንም በሮማ ቁጥራቸው ተመሳሳይ ጭንቅ ነበረባቸው። ከሕንድ የመጣው ቁጥር በዐረቦች እጅ አልፎ አውሮፓ ሲደርስ በዚያ ዘዴ ማስላት በሊቃችን ስም አልጎሪዝም ተባለ። ዛሬ ኮምፒዩተርና የእጅ ስልክ የሚሠራበት የትእዛዝ ቅደም ተከተል ይህንኑ ስም ተሸክሞ ይኖራል።

ሌላው መጽሐፉ የምድርን መልክ የሚገልጸው ነው፤ ለእኛ ለጣና ዳር ሰዎች በተለይ ቅርብ ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በፊት የኖረው የእስክንድርያው በጥሊሞስ የከተሞችንና የወንዞችን ቦታ በዲግሪ ለክቶ ጽፎ ነበር። አል-ኸዋሪዝሚ ያንን ሥራ አርሞና አሻሽሎ የ2,402 ቦታዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ ዘረዘረ። በ428 ሂጅራ የተገለበጠው ብቸኛ ቅጂ ፈረንሳይ አገር ስትራስቡርግ ከተማ ይገኛል፤ በውስጡም የዐባይ ወንዝ ካርታ አለ። በጥሊሞስ ኮሎዔ ብሎ የጠቀሰውን ሐይቅ ብዙ ተመራማሪዎች የእኛ ጣና ነው ይሉታል። ከባግዳድ ወጥቶ ይህን ምድር ያላየ ሰው፣ ዛሬ እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ የማየውን ውኃ መንገድ በቁጥር ሊከተለው መሞከሩ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያላየውን ነገር ካየው ተነሥቶ መፈለግ የሕይወቱ ሥራ ነበርና።

ያላዩትን ከታየው የመፈለግ ጥበብ ዋናው መጽሐፍ ግን አልጀብራ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ በመግቢያው ላይ እንደሚያስረዳው አል-መእሙን ያበረታታው ለሰዎች በየዕለቱ የሚያስፈልገውን፣ ቀላልና ጠቃሚ የሆነውን ሒሳብ ባጭሩ እንዲጽፍ ነው። ይኸውም በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በክፍፍል፣ በክርክር፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬትና በቦይ ቁፋሮ የሚያጋጥመው ነው። መጽሐፉ ለኸሊፋው የቀረበ ቢሆንም አንባቢው ቃዲው፣ ነጋዴውና መሬት ለኪው ነበር።

አል-ጀብር የሚለው ቃል መመለስ፣ መጠገን ማለት ነው። የተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው የሚመልሰው ወጌሻ ሥራም በዐረብኛ በዚሁ ቃል ይጠራል። በስፔን አገር ከዚሁ የመጣው ቃል ለረጅም ዘመን ወጌሻ ማለት ሆኖ ቆይቷል። አል-ሙቃበላ ደግሞ ፊት ለፊት ማስተያየት ነው፤ በሚዛን ሁለት ወገን ያለውን ተመሳሳይ ክብደት እኩል እኩል ማንሳት እንደማለት ነው። ምሳሌ ልስጥ። ከ30 ላይ ያልታወቀው ነገር ቢቀነስ የነገሩን እጥፍ ያህላል ተባለ። 30 ተሰብሯል፤ የጎደለውን ነገር ለሁለቱም ወገን መልስለት። 30 የነገሩ ሦስት እጥፍ ሆነ፤ ነገሩ 10 ነው። ይህ ጀብር ነው። 50 እና አንድ ነገር ከ20 እና ከአራት ነገር ጋር እኩል ነው ቢባልስ? ከሁለቱም ወገን 20 እና አንድ ነገር አንሣ። 30 ከሦስት ነገር ጋር ቀረ፤ አሁንም ነገሩ 10 ነው። ይህ ሙቃበላ ነው።

አል-ኸዋሪዝሚ ያልታወቀውን ዐረቦች ሸይእ በሚሉት ቃል ጠራው፤ ነገር ማለት ነው። ኤክስ የለ፣ የመደመር ምልክት የለ፣ የእኩል ምልክት የለ። ቁጥሮቹን እንኳ በቃል ነው የጻፋቸው። እንግዲህ ተማሪዎቼ የሚሸሹት የቃላት ጥያቄ ለእርሱ በምዕራፍ መጨረሻ የሚለጠፍ መልመጃ አልነበረም። መጽሐፉ ሙሉ በሙሉ የቃላት ጥያቄ ነው! ኤክስ እና ዋይ የመጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ጽሕፈቱን ለማሳጠር ነው። ዋናው ሥራ፣ ማለትም የሰውን ጉዳይ ሰምቶ ምን ከምን ጋር እኩል እንደሆነ መለየት፣ ከምልክቶቹ በፊት ተሠርቶ ነበር።

ይህን ስንል ሁሉን ከባዶ ፈጠረ ማለታችን አይደለም። ያልታወቀውን መፈለግ ባቢሎናውያንም፣ ግሪኮችም፣ ሕንዶችም ያውቁ ነበር። ብዙ ያልታወቁ ነገሮችን በአንድነት አሰልፎ መፍታትንም ቻይናውያን ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ጽፈውታል። የአል-ኸዋሪዝሚ ድርሻ ይህን ለየብቻው ተበታትኖ የነበረ ብልሃት ሥርዓት ያለው፣ በስድስት ዓይነት የተከፈለ፣ ለተራ ሰው የሚማሩት ትምህርት ማድረጉ ነው። ኢብን ኸልዱን በሙቀዲማቸው ስለዚህ ጥበብ መጀመሪያ የጻፈው እርሱ እንደሆነ፣ ከእርሱ ቀጥሎ አቡ ካሚል እንደመጣ መዝግበዋል።

አቡ ካሚል ግብፃዊ ነበር። ከጣና የሚወጣው ዐባይ በየክረምቱ ደለሉን ያወርድላት የነበረች አገር ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ850 አካባቢ እስከ 930 አካባቢ ኖረ። አል-ኸዋሪዝሚን እንደ አስተማሪው አክብሮ ጥበቡን ወደ ፊት ገፋው። ያልታወቀው ነገር ሁለትና ሦስት ሲሆን ለእያንዳንዱ የየራሱን ስም፣ ለአንዱ ነገር፣ ለአንዱ ዲናር፣ ለአንዱ ፈልስ እያለ ሰጠው። ስለ አዕዋፍ በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ ካሉት ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ ያለ ነው። በ100 ድርሃም 100 ወፎች ግዛ፤ አንድ ዳክዬ 5 ድርሃም፣ አንድ ዶሮ 1 ድርሃም፣ 20 ድንቢጥ 1 ድርሃም ነው። መልሱ 19 ዳክዬ፣ 1 ዶሮና 80 ድንቢጥ ነው። አምስት ዓይነት ወፍ ያለበት ሌላ ጥያቄ ግን 2,676 መልሶች እንዳሉት ቆጥሮ ደርሶበታል። ለአንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለ የሚያስቡ ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ማመን ያቅታቸዋል።

መጽሐፉ ወደ አውሮፓም ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1145 ስፔን ውስጥ ሰጎቪያ ላይ ሮበርት የተባለ እንግሊዛዊ ወደ ላቲን መለሰው፤ አልጀብራ የሚለው ስምም የትምህርቱ ስም ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ፍሬድሪክ ሮዘን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ ከኦክስፎርድ ቅጂ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሞ ለንደን ላይ አሳተመው። የሶቪየት ኅብረት መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1983 የልደቱን 1,200ኛ ዓመት ለማስታወስ የፖስታ ቴምብር አትሞለታል።

ስለ ሕይወቱ መጨረሻ አል-ጦበሪ የመዘገበው አንድ ታሪክ አለ። ኸሊፋ አል-ዋሢቅ በ232 ሂጅራ በጠና ታሞ ሳለ የከዋክብት ዐዋቂዎች ተጠርተው ዕድሜውን እንዲያሰሉ ተጠየቁ። አል-ጦበሪ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚን ከእነዚህ ሰዎች ይቆጥረዋል። ኸሊፋው ገና ሃምሳ ዓመት ይኖራል ብለው ተነበዩ፤ ከአሥር ቀን በላይ ግን አልቆየም። ይህን ስጽፍ ለማፌዝ አይደለም። ያልታወቀ ነገር ሁሉ በስሌት አይገኝም። ጀብርና ሙቃበላ የሚሠሩት የታወቀ ነገር በእጅ ሲኖር፣ ሁለት ወገን እኩል መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። የሞት ቀን ግን የአላህ (ሱ.ወ.) ብቻ ዕውቀት ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ራሱም እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ እንደሞተ ይገመታል። ቤትና ንብረቱን ማን እንደወረሰ አልተጻፈም፤ መጽሐፉን ግን ሁላችንም ወርሰናል።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሲሄድ እናታችን ቀደም ብላ ሞታ ስለነበር የቀረነው ወራሾች ታላቅ ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። በቤታችን ያደገች፣ እንደ እህት የምናያት አንዲት የቲም ልጅ ነበረች። ወራሽ ስላልሆነች አባቴ ከሀብቱ ሲሶው ለእሷ እንዲሰጥ በምስክር ፊት ተናዞላታል። የተገኘው ጥሬ ገንዘብ 10,000 ብር ነው። ከዚህ ሌላ ወንድሜ ለእህል ንግድ ብሎ ከአባቴ የተበደረው 10,000 ብር ነበር። ንግዱ ከስሮ ወንድሜ በእጁ ምንም አልነበረውም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ቅን ሰዎች ነበሩ። 10,000 ብሩን ከፊታቸው አድርገው ሲሶውን ለልጅቷ፣ የቀረውን ለሁለታችን እኩል አካፈሉት። ሦስታችንም 3,333 ብር ከሳንቲም ደረሰን። ዕዳውን ወንድማችሁ ሲያገኝ ይከፍላል ተባለና ፋቲሓ ተደርጎ ተበተንን። ዕዳው አልተከፈለም። ልጅቷ በድርሻዋ ሻይ ቤት ከፈተች፤ ገንዘቡ ስላልበቃት ዓመት ሳይሞላ ዘጋችው።

ያን ቀን እኔ የሒሳብ አስተማሪ ሆኜ እዚያ ተቀምጬ ነበር። አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ልቤ ነግሮኛል። ዕዳ ያለበት ሰው ጥሬ ገንዘብ ይዞ ሲወጣ፣ ዕዳ የሌለባት የቲም ጎድሎባት ስትወጣ አይቻለሁ። ግን ትክክለኛው ስንት እንደሆነ ማስላት አልቻልኩም። የአንዱ ድርሻ በሌላው ላይ ይንጠለጠላል፤ ወንድሜ ስንት እንደሚደርሰው ሳላውቅ ጠቅላላው ሀብት ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ ጠቅላላውን ሳላውቅ ደግሞ የወንድሜን ድርሻ አላውቅም። በዚያ ላይ ብናገር ለራሴ ድርሻ የተሟገትኩ እንዳይመስል ፈራሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ሰኞ ክፍል ገብቼ ሁለት ኢኩዌሽኖችን በአንድነት እንዴት እንደሚፈቱ አስተማርኩ!

ከ18 ዓመት በኋላ በ1996 ዓ.ም. አንድ ወዳጄ የሮዘንን ትርጉም ፎቶ ኮፒ አድርጎ ከአዲስ አበባ ላከልኝ። ግማሹን የሚያህለው የመጽሐፉ ክፍል ስለ ኑዛዜ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። የዚያ ክፍል የመጀመሪያ ጥያቄ ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። አንድ ሰው ሁለት ወንዶች ልጆች ትቶ ይሞታል፤ የሀብቱን ሲሶ ወራሽ ላልሆነ ሰው ይናዘዛል፤ የተወው 10 ድርሃም ጥሬ ገንዘብና ከልጆቹ በአንዱ ላይ ያለ የ10 ድርሃም ዕዳ ነው። የእኛው ቤት ጉዳይ ነበር! ከሺህ ዓመት በላይ ተጽፎ ሲጠብቀኝ ኖሯል።

አል-ኸዋሪዝሚ በአንድ ነገር የፈታውን እኛ ትምህርት ቤት በሁለት ፊደል እንፈታዋለን። የእያንዳንዳችንን የወንድማማቾች ድርሻ ኤክስ፣ የልጅቷን ድርሻ ዋይ እንበል። ወንድሜ በእጁ የሚከፍለው ስለሌለው ድርሻውን የሚቀበለው ከዕዳው ላይ በመሰረዝ ነው። ስለዚህ ለክፍፍል የሚቀርበው ሀብት 10,000 ብሩና ከዕዳው የሚሰረዘው ኤክስ ነው። ከዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይወጣል። አንደኛ፣ ዋይ የ10,000 እና የኤክስ ድምር ሲሶ ነው። ሁለተኛ፣ ጥሬ ገንዘቡን የምንካፈለው እኔና ልጅቷ ብቻ ስለሆንን ኤክስ እና ዋይ ሲደመሩ 10,000 ናቸው።

ከሁለተኛው እንደምናየው ዋይ ማለት ከ10,000 ላይ ኤክስ ሲቀነስ የሚቀረው ነው። ይህን በአንደኛው ውስጥ ተክተን ሁለቱንም ወገን በሦስት ብናባዛ፣ 30,000 ሲቀነስ ሦስት ኤክስ ከ10,000 ሲደመር ኤክስ ጋር እኩል ይሆናል። እዚህ ላይ ወጌሻው ይመጣል። የጎደለውን ሦስት ኤክስ ሲመልስ 30,000 ከ10,000 እና ከአራት ኤክስ ጋር ይስተካከላል። ከዚያ ሚዛኑ ይመጣል። ከሁለቱም ወገን 10,000 ሲነሣ 20,000 ከአራት ኤክስ ጋር እኩል ሆኖ ይቀራል። ኤክስ 5,000፣ ዋይም 5,000 ነው። ጠቅላላው ሀብት 15,000፣ ሲሶውም 5,000 መሆኑን ማረጋገጥ ለማንም ቀላል ነው።

እንግዲህ ያን ቀን ለልጅቷ ሊሰጣት የሚገባው 5,000 ብር ነበር። የጎደለባት 1,667 ብር ያኔ ከሦስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ወንድሜ ጥሬ ገንዘብ ሳይወስድ ከዕዳው 5,000 ብር ሊሰረዝለት፣ የቀረው 5,000 ብር ደግሞ አቅም እስኪያገኝ ሊጠብቀው ይገባ ነበር። ለማረጋገጥ ወሎ ውስጥ በደረሳነት ፈራኢድ የተማሩ አንድ ሼኽ ዘንድ ሄድኩ። ኤክስ የሚባል ነገር ሳያነሡ በራሳቸው መንገድ አስልተው ያንኑ ቁጥር ነገሩኝ። የውርስ ድርሻዎችን የወሰነው አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ ነው፤ የኛ ሥራ የታዘዘውን በትክክል ማድረስ ብቻ እንደሆነ አስታወሱኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ወንድም ጋሼ ቤት ሄድኩ። በዚያን ጊዜ ሱቅ ከፍቶ ደህና ኑሮ ይኖር ነበር። መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበው። አልተቆጣም፤ ብዙም አልተናገረም። አሁን ዕዳውን ሙሉ ለመክፈል ስለቻለ ሒሳቡ ይለወጣል፤ ጠቅላላው ሀብት 20,000፣ የእያንዳንዳችን ድርሻ 6,667 ብር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ለልጅቷ መጀመሪያ የወሰደችውን ያህል ሌላ 3,333 ብር ይቀራታል። የእኔን ዐፉ ብዬ ተውኩለት። የእሷን በማግስቱ ወስዶ ሰጣት። ተቀበለችን፤ ቡናም አፈላችልን። የዚያን ዘመን 3,333 ብር ግን የ1978ቱን ያህል አይገዛም፤ የተዘጋውንም ሻይ ቤት አይከፍትም። የዘገየ ሐቅ ሲመለስ እንኳ ጎድሎ እንደሚመለስ ያን ቀን ተማርኩ።

ውድ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችን ሒሳብን ለፈተና ብቻ ይማሩታል፤ ፈተናው ሲያልፍ ይረሱታል። የቃላት ጥያቄ ሲመጣ ዘለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሕይወት ግን ኤክስ እና ዋይ ጽፋ አትጠይቀንም። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ፣ አንዲት የቲም ጥግ ላይ ቆማ እያየች ነው የምትጠይቀን። ያን ጊዜ ያልታወቀውን ነገር ስም ሰጥቶ፣ ምን ከምን ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ለይቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። አል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፉን የጻፈው ለዚያ ሰው ነው።

አላህ ከሚጠቅም ዕውቀት ያድርገን፤ ያወቅነውንም በጊዜው የምንናገር ያድርገን። ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም።